የጆንያ ሰፊው ቀኝ እጅ

አባቴ የአንድ ጆንያ አፍ ለመስፋት አሥራ አራት ስፌት ይበቃው ነበር። መጀመሪያ የግራውን ጥግ ጠምዝዞ በሲባጎ ሦስት ጊዜ ይጠመጥምና ጆሮ ያወጣለታል። ከዚያ አሥራ አራት ጊዜ እየወጋ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እዚያም ሁለተኛውን ጆሮ ያስራል። እዚህ ሱዳን፣ በገዳሪፍ የእህል ገበያ፣ ተሸካሚዎች ጆንያ የሚያነሡት በነዚህ ሁለት ጆሮዎች ነው። ጆሮው ከላላ፣ ሙሉ ጆንያ ሰሊጥ ሰው አንገት ላይ ይፈሳል።

ይህን የማውቀው ስለቆጠርኩ ነው። የመቁጠር ልማድ አለብኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ለአራት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ከተበላሹ ስልኮችና ሬዲዮኖች ነው። ከገበያው ጀርባ በሣር በተከደነች ራኩባ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ እጠግናለሁ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ደብተር ያዝኩ፤ ዕቃው መቼ እንደመጣ፣ ምን ምልክት እንዳሳየ፣ ምኑን እንደነካሁና ምን እንደተለወጠ እጽፍበታለሁ። ያው ብልሽት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደብተሬ ያስታውሰኛል።

የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ማንም አልጻፈም። መጀመሪያ ያየነው በሻይ ነው፤ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ይንጫጫ ነበር። ቀጥሎ በማንኪያ አየነው። እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰላም ነው። ወደ አንድ ነገር ሲዘረጋው ይነሣበታል፤ ወደ ዕቃው በቀረበ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። በመርፌ ለሚተዳደር ሰው ከዚህ የከፋ የለም።

አባቴ ከአርማጭሆ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብሎ መጥቶ፣ እናቴን እዚህ አግኝቶ የቀረ ሰው ነው። የሰፈራችን ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የጠጪ እጅ» ይላል። እናቴም እንደዚያ አሰበች። አልፈርድባትም፤ አንዳንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ አረቄ ይሸት ነበር።

አልጮኸችበትም። ምሳውን ታቀርብለታለች፤ አብራው ግን አትቀመጥም። አራት ዓመት እንደዚያ ኖሩ። በሰፈራችን ጫፍ አረቄ የምትሸጠው ሴትዮ ባሏ የሞተባት ናት፤ ድሮ እሷና እናቴ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ይዛ የምትሄድ ጎረቤታሞች ነበሩ። እናቴ እሷንም በመንገድ ስታገኛት ፊቷን ማዞር ጀመረች።

አንድ ቀን አባቴ የሰፋው ጆንያ በተሸካሚ ትከሻ ላይ ሳለ ጆሮው ተፈታ። ሰሊጡ በሰውየው አንገት ገብቶ በሱሪው ወጣ። ገበያው ሳቀ፤ ተሸካሚው ራሱ እየዘለለ «ዛሬ ሚስቴ እንደ ሰሊጥ ቆልታ ትበላኛለች» አለ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ተንበርክኮ ሰሊጡን በመዳፉ ይሰበስብ ጀመር፤ እጁ ግን ከሰበሰበው ግማሹን ይበትነዋል። ሥራውን የሚቆጣጠረው የነጋዴው ወኪል ይህን ቆሞ አየ። በማግስቱ መርፌውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ለአባቴ መጥረጊያ ሰጠው።

መጥረጊያውን ተቀበለ። ሙሉ በሙሉ ከመርፌው አልተለየም፤ ወኪሉ ዞር ሲል ቀባኒው፣ ማለትም ሚዛን ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ፣ መርፌውን ያቀብሉት ነበር። ሐጅ የሄዱ፣ ሶላት የማያልፋቸው ሰው ናቸው። ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ደብተር የከፈትኩለት ያን ሰሞን ነው። ጠዋት ቤት፣ ረፋድና ቀትር ላይ ደግሞ ጠረጴዛዬ አጠገብ «አባዬ፣ ውሃ አቀብለኝ» እለዋለሁ። በሁለቱም ቦታ ከእንስራው እስከ እኔ ሰባት እርምጃ ነው። ብርጭቆው ሲደርሰኝ ምን ያህል እንደጎደለ በጣቴ እለካና እጽፋለሁ፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ምን እንደበላና ስንት ሰዓት እንደተኛም እጽፋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ታየኝ። አንዳንድ ቀን ረፋዱ ላይ እጁ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጭጭ ይላል። በነዚያ ቀናት ወደ ገበያ የሚሄደው በረጅሙ መንገድ፣ በአረቄ ሻጯ ቤት በኩል ነው።

ቃሉን መጻፍ አፈርኩ። ትንሽ ክብ ሠራሁበት። ከእያንዳንዱ ክብ አጠገብ «ውሃ አልጎደለም» ተብሎ ተጻፈ።

ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደ ገዳሪፍ ሲያጎርፈው አስተማሪውም ነጋዴውም ሐኪሙም አብሮ መጣ። ከነሱ መካከል አንዲት የነርቭ ሐኪም ከገበያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ሁለት ክፍል ይዛ በሽተኛ ማየት ጀመረች። ወሬውን ያመጡት ቀባኒው ናቸው።

«ያ ሐበሺ» አሉት አባቴን፤ በአረብኛ አንተ ሐበሻ ማለት ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚጠሩት፤ «ነገ የታጠበ ልብስ ልበስ። ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«ሐጂ፣ የኔ ነገር የሐኪም አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? የኔ? እኔ የማውቀው ሚዛን ነው።»

ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ሦስታችን ተጣበን ሄድን። አባቴ መሐል ተቀምጦ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎት ነበር።

ሐኪሟ ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። እጁን አስዘረጋችው፤ በጣቱ አፍንጫውን አስነካችው፤ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ አስገለበጠችው። ወረቀት ሰጥታ ከመሐል ጀምሮ እየሰፋ የሚዞር መስመር እንዲስል ጠየቀችው፤ የሣለው የተሰበረ የሽቦ ጥቅል ይመስል ነበር። ከዘመዶቹ እጁ የሚንቀጠቀጥ እንዳለ ስትጠይቀው አባቱ እንደነበረ ተናገረ፤ በማኅበር ጠላ ሲቀርብ ሌላ ሰው ነበር የሚያጠጣው።

ከዚያ «መጠጥ ትጠጣለህ?» አለችው።

«አልጠጣም።»

«ልከስህ አይደለም። ስትጠጣ ይሻልሃል ወይስ ይብስብሃል፣ እሱን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«አልጠጣም አልኩ። በማርያም።»

ቀባኒው ጣሪያው ላይ የቆመውን ማራገቢያ ያዩ ነበር። ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጥኩትን ደብተሬን አነሣች። አማርኛ አታነብም፤ ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን ግን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይህ ክብ ምንድን ነው?»

አባቴ አየኝ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ስልክ አምጥቶ ውሃ እንዳልነካው ምሎልኝ ነበር። ነክቶት ነበር። ባትሪውን ስሰካ ስልኩ እጄ ላይ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ፣ ዕቃ የሚገድለው ከብልሽቱ ይልቅ የተደበቀው ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በዚያው በምንነጋገርበት አረብኛ ተናገርኩት። አባቴ አረብኛ ከእኔ እኩል ይሰማል፤ ግን በአረብኛ ሲሆን ቃሉ ከቤታችን ትንሽ የሚርቅ መሰለኝ።

«አረቄ ነው» አልኩ። «ክብ ባለበት ቀን ጠጥቷል። በነዚያ ቀናት ውሃው አይፈስም።»

አባቴ ወለሉን ያይ ጀመር። ከእጁ ይልቅ ሐጂ ፊት መዋረዱ እንደከበደው ገባኝ።

ቀባኒው ከማራገቢያው ዓይናቸውን አወረዱ። «አራት ዓመት» አሉት። «አራት ዓመት ሙሉ ሰሊጡ ሽታውን ይሸፍንልኛል ብለህ ነው?»

«ሐጂ...»

«ወኪሉ የት ቀረ ባለኝ ቁጥር ለጸሎት ሄዷል እለዋለሁ። በቀን አምስት ጊዜ የሚጸልይ ክርስቲያን አድርጌሃለሁ እኮ። ሰውየው አንድ ቀን ሊሰልም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

አባቴ ሳቀ። አፉን ሊሸፍን እጁን ሲያነሣ እጁ ተንቀጥቅጦ አፍንጫውን መታው፤ በዚያ ላይ ሁላችንም ሳቅን። ሐኪሟም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠግታ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው የደገምኩትን ነገር ነገረችው።

«የምትንቀጠቀጠው ስለምትጠጣ አይደለም። የምትጠጣው ስለምትንቀጠቀጥ ነው። ይህ በዘር የሚመጣ የታወቀ በሽታ ነው። መጠጥ ለጥቂት ጊዜ ያረጋጋዋል፤ ሲለቅ ግን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ መድኃኒት እንዳይመስልህ።»

ስንወጣ እኔንም ጠርታ ያን የሚዞር መስመር አሳለችኝ። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ለአሁን ደህና ነው» አለችኝ። «ለአሁን» ያለችውን አልረሳሁትም።

ቤት እንደገባን እናቴን ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት። እጇ ቆመ። «ደግመህ በለው» አለችኝ። ደገምኩት። ምሳ ቀረበ። እናቴ ከአባቴ ጋር ተቀመጠች። በልተው ሲጨርሱ እጁን ያስታጠበችውም እሷ ናት።

ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ኪኒን በየተራ ሞከረችለት። ስምንት ወር ወሰደ። ሻይ መጠጣት ቻለ፤ መርፌው ግን አሁንም ጨርቁን ይስታል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ያነሣችው ያኔ ነው። ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ በደረት ቆዳ ሥር፣ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት በታች፣ ትንሽ የባትሪ ዕቃ ይቀበራል፤ ከሱ የሚወጣው አነስተኛ ኤሌክትሪክ መንቀጥቀጡን ዝም ያሰኘዋል። በሽታውን አያጠፋውም፤ ሊረዳ ይችላል እንጂ እንደሚረዳም አትምልለትም። አደጋም አለው፤ እሱንም አንድ በአንድ ዘረዘረችለት።

አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ወደ እኔ ጠቆመ። «ሽቦውን የሚገጥመው ይኼ ልጅ ከሆነ እኔ የለሁበትም።»

ሐኪሟ ካይሮ ለሚኖሩ የቀድሞ አስተማሪዋ ጻፈች። እሳቸውም ሊሠሩለት ተስማሙ፤ መሣሪያው ለድሆች ከተለገሱት አንዱ ነበር። የጉዞውን ወጪ ቀባኒውና ተሸካሚዎቹ ተካፈሉት፤ ያ አንገቱ ላይ ሰሊጥ የፈሰሰበት ሰውም አለበት። የጉዞ ወረቀት ለማግኘት ሾዋክ ወዳለው የስደተኞች ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ከዚያ በኸሽም ኤል ቂርባ፣ በከሰላ አድርገን በአውቶቡስ ፖርት ሱዳን፣ ከፖርት ሱዳን በአውሮፕላን ካይሮ ገባን። እናቴ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነበር የሸኘችን። እኔ በበኩሌ አንድ የጆንያ መርፌና አንድ ጥቅል ሲባጎ በሻንጣ ከትቼ ነበር። ካይሮ ጆንያ የሚያሰፋው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ በሽተኛው ነቅቶ ነው። ሐኪሞቹ እጁን እያዩ፣ እያናገሩት ትክክለኛውን ቦታ ይፈልጋሉ። ጠዋት ፀጉሩን ላጭተው፣ ራሱን በብረት ማዕቀፍ አስረው ወሰዱት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የነበረው ግድግዳ ላይ ሰላሳ ሁለት ንጣፍ ሸክላ አለ፤ አንዱ ጥጉ ተሰብሯል።

ቆይቶ አንዲት ነርስ ብቅ አለች።

«የሱዳኑ ሰውዬ ልጅ አንተ ነህ? አባትህ የዓመቱን ወሮች ቁጠር ቢሉት በቋንቋው አሥራ ሦስት ቆጠረ። ሐኪሞቹ ነገሩን አቁመው ያስባሉ።»

«አሥራ ሦስተኛዋን ምን ብሎ ጠራት?»

«ጳ... ምን እንደሆነ እንጃ።»

«ጳጉሜን ነው። ትክክል ቆጥሯል። የኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው፤ የመጨረሻዋ አምስት ወይ ስድስት ቀን ብቻ ናት።»

ነርሷ ትንሽ አየችኝና ሮጣ ተመለሰች። በኋላ አባቴን ስጠይቀው «አንዷን ወር ልተውላቸው አስቤ ነበር» አለኝ። «ግን ጭንቅላቴን ከፍተው እያዩ መዋሸት ፈራሁ። የዚያኛው የሐሰት መሐላ ንስሐም ገና አላለቀልኝም።»

ሌላም ነገር ነገረኝ። ሽቦው ሲገባ የገዛ አንጎሉን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሰምቷል። እንደ ምን እንደሆነ ደጋግሜ ጠየቅሁት። «ጣቢያ እንዳልያዘ ሬዲዮ ነው» አለኝ። «አንተ ብትኖር ጣቢያ ልፈልግለት ትል ነበር።» እዚያው ቀዶ ሕክምናው ላይ የሣለው ሁለተኛው የሚዞር መስመር አሁንም እኔ ዘንድ አለ። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ክብ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሸርተት ብሏል።

ከዚያ በኋላ የቀባኒው ዘመድ ባስጠጋን ክፍል ስድስት ሳምንት ቆየን። ኤሌክትሪኩን እየቀነሱ እየጨመሩ ልኩን ፈለጉ። ሲበዛ ምላሱ ይከብድና ንግግሩ ይጎተታል፤ ሲያንስ እጁ ይነሣል። መሐሉን ሲያገኙ ዋናው ሐኪም መሣሪያው የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን መቆጣጠሪያ ሰጡኝ። ሥራዬን ነግረዋቸው ኖሮ ጣታቸውን አነሡብኝ። «ይህችን ብቻ እንዳትፈታት።» እስከ ዛሬ አልፈታኋትም። ቀላል ግን አልነበረም።

የተሠራው ለቀኝ እጁ ነው። ግራው እንዳለ ነው፤ እሱ ወደፊት ይታያል ተብሏል።

ገዳሪፍ ስንመለስ የሰሊጡ መኪኖች መግባት ጀምረው ነበር። አባቴ ሁለት ቀን እንኳ አላረፈም። ገበያ ሲደርስ ቀባኒው ከሚዛናቸው ሳይነሡ መርፌውን ዘረጉለት፤ ወኪሉም ቆሞ ያያል። አባቴ የጆንያውን ጠርዝ በግራ እጁ ያዘ፤ ግራው ሲንቀጠቀጥ ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። ጆሮውን ጠመጠመ። መስፋት ጀመረ። ቀኝ እጁ ሄዶ ያሰበው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ይወጋል፤ ይመለሳል። እኔ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ስፌት። እንደ ጀማሪ አቀራርቦ ነበር የሰፋው።

ቀባኒው ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ጆንያ ነው የሙሽራ ቀሚስ? እህሉ ከመበስበሱ በፊት ጨርስ እንጂ።»

ያ ተሸካሚ ሌሎቹን ገፍቶ መጣ። «እሱን ለእኔ ተውት፤ አንገቴ ይመስክር» አለ። በሁለቱ ጆሮዎች ይዞ ወደ ትከሻው አነሣውና መኪናው ላይ አደረሰው። አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ወኪሉ መጥረጊያውን ከአባቴ አጠገብ አንሥቶ ሄደ። ሌላው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አባቴም ሁለተኛውን ጆንያ ሳበ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ኪስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በደረቅ ባምያ ወጥ፣ ሠርታ በሰሃን አድርጋ በጨርቅ ሸፈነችና ወደ አረቄ ሻጯ ላከችኝ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማን ላከህ?»

«እናቴ ናት፣ እትዬ።»

«እናትህ? አንገቷ ተፈወሰ? አራት ዓመት ወደ አንድ ጎን ዞሮባት ነበር እኮ።»

ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና ምግቡን በራሷ ሰሃን ገለበጠች። ከዚያ የኛን ሰሃን ይዛ ቤቷን ዙሪያውን ቃኘች። «ሰሃን ባዶ አይመለስም» አለች። «በቤቴ ያለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ላንተ አልሰጥም።» ከመደርደሪያው ሰማያዊ ቀለበት ያላት ትንሽ የአረቄ መለኪያ አውርዳ አጥባ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የሱ ናት። ሌላ ሰው አልጠጣባትም። ጠዋት ይመጣል፤ አንዲት ይጠጣል፤ ‹እጄ ለሥራ ትሁነኝ› ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛ ቀድቼለት አላውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅም። ይህን ለእናትህ ንገራት። ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም።»

ሳስበው፣ አባቴን ሳይሰለም በቀን አምስት ጊዜ እንዲጸልይ ያደረጉትን ሽማግሌና ምስጢሩን አራት ዓመት በመደርደሪያዋ ላይ ያስቀመጠችውን ይህችን ሴት ከሐኪሞቹ ለይቼ ማመስገን አልችልም። ሐኪሞቹ እጁን እስኪደርሱለት ድረስ ሰውየውን የጠበቁልን እነሱ ናቸው።

መለኪያዋን ይዤ ገባሁና የተባልኩትን ለእናቴ ነገርኳት። ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን አዙራ አየቻት፤ እንደገና አጠበቻት። ከእንስራው ውሃ ቀድታ እስከ አፏ ሞላቻትና በር ላይ ለተቀመጠው አባቴ ዘረጋችለት። አባቴ ብርጭቆዋን አወቃት። እናቴን አየ። በቀኝ እጁ ተቀበለ፤ ጠጣ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ባዶውን ሲመልስላት እንደገና ሞልታ ሰጠችው። ይህን ጊዜ በግራ እጁ ተቀበለ። ግማሹ ወደ አፉ ሳይደርስ በእናቴ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ ቀሚሷን አራገፈች። «ይኼኛው ገና መጠጡን አልተወም» አለች።

አባቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት መለኪያዋን ወደ ቀኝ እጁ አዛወራት።